የጓድ ገብረኣብ ብርጭቆ

ሣራ ፊቴን አታይም፤ የምታየው ትሪዬን ነው። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስወጣ፣ ገና በሩን በክርኔ ሳልዘጋው፣ ከታይፕ መኪናዋ ጀርባ አንገቷን ብቅ ታደርግና ዓይኗን ብርጭቆው ላይ ትተክላለች።

«ጨረሱት?»

«ምኑን?»

«ሻዩን ነዋ፣ እትዬ ሃረግ! ጨረሱት ወይስ አስተረፉት?»

ከጨረሰው ሣራ ያን ቀን ሰው ናት። ካስተረፈው አለቀላት። ምሳዋን አትበላም፣ እግሯ ጠረጴዛው ሥር እንደ ስፌት መኪና ፔዳል ይመታል፣ የደብዳቤውን ኮፒ አውጥታ ደግማ ደጋግማ ታነባለች። «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? የቱ ጋ ነው?»

መሥሪያ ቤታችን ቦሌ መንገድ ላይ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ነበር። የመንግሥት ነው፤ ትራክተርና የትራክተር ዕቃ ያስመጣል። አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቼ ይንጫጫሉ። እኔ እዚያ ሻይ አፈላለሁ፣ ፋይልም ከቢሮ ቢሮ አመላልሳለሁ። ያኔም አያት ነበርኩ፤ የልጅ ልጆቼ አሁን ሰሚት ፎቅ ላይ ቤት ይዘው ሊፍት ተበላሸ ብለው ሲያለቅሱ እሰማለሁ፤ እኛ ያኔ ሰሚትን ጤፍ ሲዘራበት ነው የምናውቀው። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬ ነበር። ቆጥሬ ስጨርስ ግን ግማሹ ጠፍቶብኛል። ወሬ እንደሆነ አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅ።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ገብረኣብ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ሰላምታው እንኳ ራስ መነቅነቅ ነው። ሣራ የመታችውን ደብዳቤ ይዤለት እገባለሁ፤ ያነባል፣ ይፈርማል፣ በእጁ ጫፍ ወደኔ ይገፋዋል። ጎሽ የለ፣ ምነው የለ። ሌላው ሠራተኛ ይሄን እንደ ጸጋ ነው የሚያየው። አለቃ ዝም ካለ ምን ጎደለ? ሣራ ግን ያን ዝምታ ቁጭ ብላ እንደ ጥጥ ትፈትለዋለች። ዝም ካለ ተቀይሟል፤ ከተቀየመ ሊያዛውራት ነው፤ ካዛወራት ክፍለ ሀገር ነው፤ ክፍለ ሀገር ከሄደች ደግሞ አሮጊት አክስቷን ማን ይጦራል? ይሄ ሁሉ እንግዲህ ከአንዲት ፊርማ የወጣ ክር ነው።

ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ታይፒስት ፈሂማ ናት፤ ምላሷ ምላጭ ነው።

«ፈሂምዬ፣ ጓድ ገብረኣብ ጠዋት ሲገቡ ቀና ብለው አላዩኝም። እኔ ላይ ነው?»

«አዎ፣ አንቺ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥተው ስለ አንቺ ነጠላ ሠረዝ ሲያስቡ ነው ያደሩት።»

«እውነትሽን ነው?»

«ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ትገድለኛለች!»

የብርጭቆውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንዲያው አፌ እንዳይቦዝን ብዬ «ዛሬ ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ መለሰው፣ ምን ነክቶት ይሆን?» አልኩ። አለቀ። ከዚያን ቀን ወዲያ ብርጭቆው ለሣራ ሬዲዮ ሆነላት። ሲጎድልላት ታዝናለች፣ ሲሞላ... ይቅርታ፣ ሲሞላ ነው የምታዝነው። እኔም ሰው ነኝ፤ ሆዴ አልቻለም። ኮሪደሩ ላይ፣ ፋይል ክፍሉ ጋ ዞር ብዬ፣ የተረፈውን ጭልጥ አድርጌ ባዶ ብርጭቆ አሳያት ጀመር። ፊቷ ያበራል። ጣቶቿ መኪናው ላይ ይጨፍራሉ። ለኔም ስኳር በራሽን በነበረበት ዘመን ሁለተኛ ሻይ ነው፤ ምን ከፋኝ?

ችግሩ፣ ሲሰጧት ትጠግባለች ብዬ ነበር። አትጠግብም። ባዶ ብርጭቆ ባየች ቁጥር የሚቀጥለውን ለማየት ይብስባታል። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር የምትጠይቀኝ፤ በኋላ ከሰዓትም መጣች፤ በኋላማ ሰውየው ሻይ ሳያዝ ሁሉ «እትዬ፣ ምነው ዛሬ አላዘዙም?» ትለኝ ጀመር።

ሣራ ጎረቤቴም ናት። ቦሌ ሚካኤል ጀርባ፣ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ነው የምንኖረው። ከሆሳዕና በኩል የመጡ ናቸው፣ እሷና አክስቷ፤ ጨዋ ሰዎች። እሁድ ከሰዓት ዘመድ ይመጣባቸዋል፤ ዘመዳቸው ብዙ ነው። ታዲያ ዘመድ በመጣ ቁጥር ሬዲዮኑን እስኪሰነጠቅ ይከፍቱታል። ኳስ ይወዳሉ አልኩ።

አንድ እሁድ የኳስ ጨዋታ እየጮኸ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ሬዲዮው ጸጥ። ከሬዲዮው ሥር የነበረው ግን ጸጥ አላለም፤ መዝሙር! ሃሌ ሉያ የሚባልበት፣ እጅ የሚጨበጨብበት። ወዲያው ደግሞ እፍ እንዳሉት ሻማ ጠፋ።

ጴንጤዎች ናቸው ለካ።

ያን ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። ጸሎት ቤታቸው ታሽጓል። መጤ ሃይማኖት እየተባለ በየቤቱ ተሰብስቦ የተገኘ ተለቅሞ ከፍተኛ ቀበሌ እስር ቤት ይወሰዳል፤ ከፍተኛ የገባ ደግሞ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። እኔ የሚካኤል ልጅ ነኝ፣ እነሱ እንዲህ ናቸው እንዲያ ናቸው ሲባል አብሬ ስስቅ የኖርኩ። ወሬ ደግሞ እኔ ሆድ ውስጥ አድሮ አያውቅም። ይሄኛውን ግን ዋጥኩት። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ የገዛ ልጄ ሳትመጣ፣ የሣራ አክስት ናት አጥሚት እየሠራች ያጠጣችኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አፌን ልከፍት ባልኩ ቁጥር ያ አጥሚት ጉሮሮዬ ላይ ይመጣል።

ሣራ መስማቴን አውቃለች፤ ዝም እንዳልኩ ግን ማመን አልቻለችም። ማታ መጣች፣ ጠዋት መጣች፣ ወደ ሥራ ስንሄድ በመንገድ ላይ አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ።

«እትዬ፣ ለማንም አልነገሩም አይደል?»

«አልነገርኩም።»

«ይማሉልኛል?»

«ሚካኤልን!»

ቢሮ ደርሰን ካፖርቴን ሳላወልቅ ሻይ ክበቡ በር ላይ ቆማለች። «አልነገሩም አይደል?» ምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በተሰለፈበት፣ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ ሹክሹክታዋ ደግሞ ከሰው ጩኸት ይበልጣል፦ «እትዬ፣ ያን ነገር... አልተናገሩም አይደል?»

«የምን ነገር?» አለች ፈሂማ፣ ጆሮዋ እንደ ጥንቸል ቆሞ።

ምን ልበል? «ስኳር ነው፣ ስኳር! ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገባ አሉ፣ ሰው እንዳይሰማ ብያት ነው።»

ወዮ! ግማሹ መሥሪያ ቤት ምሳውን ጥሎ ሊሰለፍ ወጣ። ሲመለሱ የሰደቡኝን ስድብ ሚካኤል ያውቃል። ሣራ ደግሞ ያን ሁሉ አይታ ምን አለች መሰላችሁ? «እትዬ፣ በእኔ ምክንያት ተሰደቡ። ተቀየሙኝ እንዴ?»

በዚህ መሀል ነው ጓድ ዱባለ የመጣብን።

ጓድ ዱባለ ካድሬ ነው። ካኪ ሱፍ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ፣ ገና ጺሙ በደንብ ያልወጣ። አርብ አርብ ከሰዓት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይግባ ተባለ፤ ሂስና ግለ ሂስ ሊደረግ። ሂስ ማለት ሌላውን መውቀስ ነው፤ ግለ ሂስ ደግሞ ተነስተህ በሰው ፊት ራስህን መውቀስ። ሠራተኛው ብልጥ ነው፣ ለማንም የማይጠቅም ጥፋት ይመርጣል። አንዱ ተነስቶ «በንቃት አልተሳተፍኩም» ይላል። የሚቀጥለውም «በንቃት አልተሳተፍኩም»። ለጓድ ዱባለ ሁላችንም ተኝተን የምንውል ነው የምንመስለው።

የሣራ ተራ ደረሰ። ተነሳች። «ካርቦን ወረቀት አበላሽቼ እንዳይታይብኝ ቅርጫት ውስጥ ከሥር ደብቄያለሁ» አለች።

ጓድ ዱባለ ከወንበሩ ብድግ። «ጎሽ! ጓዶች፣ ግልጽነት ማለት ይሄ ነው! ለጓድ ሣራ ጭብጨባ!»

ተጨበጨበላት። አያችሁ፣ ያቺ ልጅ ከጓድ ገብረኣብ አፍ ስትለምነው የኖረችውን ቃል በአንድ ጊዜ ባዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አገኘችው። ጠላ የማትቀምስ ልጅ በአንዲት «ጎሽ» ሰከረች። ያን ዕለት ከኔ ጋር እየሳቀች ወደ ቤት ተመለሰች፣ አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ። ቅዳሜን ደህና ዋለች። ሰኞ ግን ስካሩ በረደላትና እግሯ ጠረጴዛው ሥር መምታት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ አርብን ትጠብቀው ጀመር። በሚቀጥለው አርብ ከሻይ ክበቡ ስኳር ጨምራ እንደወሰደች ተናገረች፤ እኔም አብሬ ቀላሁ፣ የሰጠኋት እኔ ነኛ። ከዚያ ደግሞ ስብሰባ ላይ እንዳንቀላፋች፣ ከዚያ ደግሞ «ሥራዬን ትቼ በመስኮት ግቢውን ሳይ እውላለሁ» አለች። ፈሂማ አጠገቤ ጥርሷን ነክሳ «ነገ ደግሞ ስላስነጠሰች ይቅርታ ትጠይቃለች፤ እኛንም አብራ ታስነጥሰናለች» አለች። እውነቷን ነው። አንዱ እውነት ሲናገር የሌላው «በንቃት አልተሳተፍኩም» ይገማል።

ሾፌራችን ሐዱሽ ግን ያን ዕለት አላጉረመረመም። ከስብሰባው በኋላ ሻይ ክበብ መጣና ድምጹን ዝቅ አድርጎ «እትዬ ሃረግ፣ ያቺ ልጅ በመስኮቱ ምን ምን ታያለች?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ? ግቢውን ነዋ።»

«ግቢውን!» አለና የቀዳሁለትን ሻይ ሳይነካው ወጣ። ሐዱሽ ሻይ ጥሎ ሲወጣ ገና ያን ቀን አየሁ። በልቤ ያዝኳት።

በሚቀጥለው አርብ ሣራ ስለ አንድ እርሳስ መናገር ስትጀምር ጓድ ዱባለ እጁን አነሳ። እንደ ወትሮው ጎሽ አላለም።

«ጓድ ሣራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየሳምንቱ ፍርፋሪ ታመጪልናለሽ። ፍርፋሪ ካለ ዳቦ አለ። ዳቦው የት ነው?»

«ምን... የምን ዳቦ?»

«ትንሽ ትንሹን የምትነግሪን ትልቁን ለመሸፈን ነው። ሰው ያለ ነገር እንዲህ አይፈራም። ለሚቀጥለው አርብ ዳቦውን ይዘሽ ነይ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሣራ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁ፤ ዳቦው የት እንዳለ የማውቅ እኔ ብቻ ነኛ። ዳቦው በግድግዳዬ ማዶ ነው ያለው፣ ሬዲዮ ተከፍቶበት።

እንግዲህ ያቺን ሳምንት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ቁጭ ያልንባት ሳምንት አይደለችም። በግድግዳው በኩል የሣራን እርምጃ እሰማለሁ፤ ወደ በሩ፣ ወደ አልጋው፣ ወደ በሩ። ጠዋት ዓይኗ ጎድጉዶ ትወጣለች።

«እትዬ፣ ብናገረው ይቀለኛል። ልቤ ላይ ድንጋይ ነው የተቀመጠው።»

«ላንቺማ ይቀልሻል። አክስትሽስ? ያ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ በዘንግ እየተመራ የሚመጣውስ? ያቺ መንታ ያዘለችው? ከፍተኛ ሲታጎሩ ለነሱም ይቀላቸዋል?»

«አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ! ግን ባልናገርም ፊቴ ላይ ያዩታል። ያውቁ ይሆን እንዴ፣ እትዬ? አውቀው ቢሆን አይደል እንደዚያ ያሉኝ?»

«አያውቁም።»

«እንዴት አወቁ?»

«አያውቁም አልኩሽ!»

አሥር እርምጃ ሳንሄድ፦ «ግን ቢያውቁስ?»

እኔም ጭንቀቷ ተጋብቶብኝ ነበር በእርግጥ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ሻይ ውስጥ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፣ አንድ ቀን ፋይሉን ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ መጥረጊያውን ለጓድ ገብረኣብ ልወስድ ምንም አልቀረኝ። ረቡዕ ሣራ ገና በበሩ «እት...» ስትል አሁን የቀዳሁትን የፈላ ሻይ በሁለት እጇ አስያዝኳት።

«እስኪበርድ ያዥው። ሲበርድ ትጠይቂኛለሽ።»

«ለምን?»

«አባቶች ያዘዙት ነው።»

የትኛው አባት እንዳዘዘው አልጠየቀችም፤ ጴንጤ ናት፣ የኛን አባቶች አታውቃቸው። ነገሩ ግን ማንም አላዘዘውም፤ ጆሮዬን ላሳርፍ ብዬ ያመጣሁት ነው። ቆመች። ትኩሱ ያቃጥላታል፣ ከእጅ እጅ ታዛውረዋለች፣ በአንድ እግሯ ትቆማለች፣ በሌላው ትቆማለች፣ ከንፈሯ ይላወሳል። እኔ ሰሃኔን አጥባለሁ። ሻዩ በረደና ያንኑ ጠየቀችኝ። ከሰዓት ሌላ አስያዝኳት። ሲበርድ ብርጭቆውን አስቀምጣ «ምን ነበር የምጠይቅዎት?» አለችና ራሷ ደንግጣ ሳቀች። ያን ዕለት ዳነች ብዬ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የጓድ ገብረኣብ ደወል ሲጮህ ግን ያው ሆነች።

ሐሙስ ሰውየው ሻዩን አንድ ጊዜ ብቻ ፉት ብሎ መለሰው። እኔም እንደ ልማዴ ፋይል ክፍሉ ጋ ዞር ብዬ ጭልጥ ሳደርገው፣ ብርጭቆው አፌ ላይ እንዳለ፣ የፋይል ክፍሉ በር ተከፈተ። ሣራ!

«እትዬ? ምን እያደረጉ ነው?»

«ሻይ እየጠጣሁ።»

«የጓድ ገብረኣብን?»

እንግዲህ ምን ይደረግ። «ጨጓራ አለበት ሰውየው! ኪኒኑ መሳቢያው ውስጥ ተደርድሯል። ሐኪም ሻይ ከልክሎታል፤ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ አልጠጣም ማለት ከብዶት ነው የሚያዘው። ለአንጀቱ ሲስማማው ይጠጣል፣ ሳይስማማው ይተወዋል። አንቺ የለሽበትም።»

ፊቷ ነጣ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠጡት?»

«አንቺ መጠየቅ ከጀመርሽ ጀምሮ።»

«ሰኞ ባዶ የነበረው?»

«እኔ ነኝ።»

«የትራክተሩ ደብዳቤ ጊዜ... ግማሽ ሆኖ የመጣው? ምሳ ሳልበላ የዋልኩት?»

«ያን ቀን አልጠማኝም ነበር።»

ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ታለቅሳለች ብዬ ነጠላዬን ላቀብላት ስል ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀች ነው! አፏን በእጇ ከድና፣ ዕንባዋ በጣቷ መሀል እየወረደ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ የእርስዎን ሆድ ነው ሳነብ የከረምኩት» አለች።

«ደህና ሆድ ነው፣ ምን ጎደለው?»

«ሰኞ ባዶውን ሳይ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደሠራሁ!» ሳቋ ቆመ። «ምንም አልነበረም እኮ፣ እትዬ። ደስታውም ከምንም ነበር፣ ጭንቁም ከምንም። ደብዳቤው ግን በሁለቱም ቀን ሄዷል።»

ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ ወደ ቦታዋ ሄደች። ያን ከሰዓት አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ይበልጥ ፈራሁ። የምትጠይቀኝ ሣራ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፤ ዝም ያለችዋ ምን እንደምትል በምን ልወቅ? አርብ ጠዋት በመንገድ ላይ ራሴ ጠየቅኋት። «ምን ልትዪ ነው?»

«አላወቅሁም» አለችኝ። በቃ፣ አላወቅሁም።

አዳራሹ ሞልቷል። ጓድ ገብረኣብ ከፊት፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ። ሐዱሽ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። ለስብሰባው ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ። ሣራ ጋ ስደርስ ሳላስበው የመጨረሻውን የፈላ ቀዳሁላት። በሁለት እጇ ያዘችው።

«እሺ፣ ጓድ ሣራ» አለ ጓድ ዱባለ። «ዳቦውን አመጣሽ?»

ተነሳች፣ ብርጭቆዋን እንደያዘች።

«በዚህ ሳምንት ግለ ሂስ የለኝም።»

«የለኝም ማለት?»

«የለኝም።»

ጓድ ዱባለ ዝም አለ። ብልሃቱ ይሄ ነው፤ ዝም ይልና ዓይኑን ይተክላል፣ ሰው ዝምታውን መሸከም ሲያቅተው ራሱ ይዘረግፋል። ሣራን ደግሞ ዝምታ ሲሰብራት ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጣቶቿ ብርጭቆው ላይ ቀሉ። አሁን ልትል ነው፣ አሁን። አውሮፕላን በጣሪያው ላይ አለፈ። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ታየኝ፣ አጥሚቱ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ሚካኤል፣ አፏን ያዝልኝ አልኩ፤ እሷ የአንተ ባትሆንም።

ሣራ እንፋሎቱን ታያለች። አትቀመጥም፣ አትናገርም። ፊቷ ላይ ላብ አለ፤ ግን ቆማለች። ፈሂማ እንኳ ወንበሯ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረች። አንዱ አሳለ። ሌላው አሳለ። ሣራ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እንዲያው ዓይኗን ለማሳረፍ ይመስለኛል፣ ወደ ኋላ ወደ በሩ ተመለከተች።

«እሺ! እሺ!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። ሐዱሽ ነው፣ ቆቡን ጨምድዶ ይዞ። «እሷ ከምትናገረው ራሴ እናገራለሁ! አዎ፣ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር በግ ጭኛለሁ! ለፋሲካ! ከኋላ ነው የጫንኩት፣ ሸራ አልብሼዋለሁ። በመስኮት እንዳየችኝ አውቃለሁ!»

የሣራ አፍ ተከፈተ። በጉን አይታ አታውቅም፣ በሚካኤል እምላለሁ።

አዳራሹ ምን እንደሚል ግራ ገባው። ያኔ ከፊት ወንበር አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ የማን እንደሆነ አልለየንም፤ ሰምተነው ስለማናውቅ። ጓድ ገብረኣብ ነው።

«በጉስ? ደህና ደረሰ?»

«ደርሷል፣ ጌታ... ጓድ ጌታዬ። ተበልቷል።»

እንግዲህ የሆነውን ሳቅ! ፈሂማ ከወንበሯ ልትወድቅ። ጓድ ዱባለ ጠረጴዛ ቢደበድብ የሚሰማው የለም። ሳቁ ሲበርድ ስለ መንግሥት ንብረትና ስለ ላንድሮቨር ረጅም ንግግር አደረገ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ ከሰኞ ጀምሮ ቁልፍ እንዲያስረክቡ አለ። ሣራ አሁንም ቆማለች። በመጨረሻ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። ቆየ።

«ተቀመጪ» አላት።

ተቀመጠች። የዳቦውን ነገር ረሳው ይሁን ሆዱ ውስጥ አስቀመጠው፣ አላወቅንም። በሚቀጥሉት አርቦች ሾፌሮቹን ነው ሲያሳድድ የከረመው። የእሷ ተራ ሲደርስ «በንቃት አልተሳተፍኩም» ትላለች፣ እንደ ሰው ሁሉ። እሁድ ከሰዓት በግድግዳዬ ማዶ ኳሱ ጮኸ፤ እኔም መብራት እንዳይሄድ ለሚካኤል ተሳልኩ፤ ስለት ተቀባዩ ጉድ ሳይለኝ አይቀርም።

ያን ዕለት አርብ ግን፣ ከስብሰባው በኋላ፣ ሻይ ክበብ ገብቼ ጠበቅኋት። አሁን ትመጣለች፣ «እትዬ፣ ደህና አደረግኩ? ፊቴ ምን ይመስል ነበር? ጓድ ዱባለ የተቀየሙኝ ይመስልዎታል?» ትለኛለች። መልሱን አዘጋጅቻለሁ! እንደ አንበሳ ቆምሽ ልላት፣ የፈሂማን ፊት ልነግራት፣ ስለ በጉ ደግሞ ገና ብዙ የሰማሁት አለኝ።

መጣች። ያልጠጣችውን ሻይ ይዛ። ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ የታጠቡትን ሰሃኖች ታደርቅልኝ ጀመር። አንድ ሰሃን። ሌላ ሰሃን። ዝም።

እኔ እጠብቃለሁ። እግሬ ይቁነጠነጥ ጀመር። ሰሃን እያጋጨሁ ዞር ብዬ አየኋት፤ ፊቷ እንደ ጓድ ገብረኣብ ነው፣ ምንም አይነበብበትም። በብርጭቆው ነገር ተቀይማኝ ይሆን እንዴ? ሐሙስ ስትስቅ ነበር፤ ግን ሳቅ ምን ያረጋግጣል? ዛሬ በመንገድ ላይም በአጭሩ ነበር ያወራችኝ።

አልቻልኩም። «ምነው ዝም አልሽኝ፣ ሣራዬ? ተቀየምሽኝ እንዴ?»

ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቴን። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አነሳች፣ ከሚፈላው ቀዳችና ብርጭቆውን በሁለት እጄ አስያዘችኝ።

«ይያዙት፣ እትዬ። ሲበርድ ይጠይቁኛል» አለች። ቦርሳዋንም አንጠልጥላ ወጣች።

ያቃጥላል እኮ! እንዴት ችላው ኖሯል? ከእጅ እጅ አዛወርኩት፣ በአንድ እግሬ ቆምኩ፣ በመስኮት አየኋት፤ ግቢውን እያቋረጠች ነው፣ ወደ ኋላ ሳትዞር። እስኪበርድ ማን ይጠብቃል? ስኳሩንም አሳምራ ጨምራበታለች፣ ጠጣሁት።